ከልጅ እጅ የተነጠቀ ሶደቃ
(በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና ፈለጋቸውን በመልካም በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።

በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ጉዳይ ለሰሚው ትንሽ ይመስላል። አንዲት ሕፃን በእጇ የያዘችውን ጣፋጭ ለሌላ ልጅ አካፍይ ስትባል እምቢ አለች፤ ጉዳዩ ይኸው ነው። ይህ ደግሞ በየቤታችን በየቀኑ የሚታይ ነገር ነው። ሆኖም በእኛው ቤት የደረሰውን ስናስታውሰው ከትንሽ ነገር ውስጥ ትልቅ ነገር ሊወጣ እንደሚችል ተረድተናል። ስለዚህ ስሕተታችንን ሳንደብቅ ልንነግራችሁ ወደድን። ኢንሻአላህ ከእኛ ስሕተት እናንተ ትጠቀማላችሁ።

የዒዱ ማግስት

ነገሩ የሆነው በዒደል ፊጥር ማግስት ነው። እንደሚታወቀው በጅማ የዒድ ሰሞን ቤተሰብ ይሰባሰባል፤ ልጆች አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው ወዴት እንሂድ ይላሉ። እኛም ልጆቻችንን፣ ባለቤታችንንና እናታችንን ይዘን ወደ ጅሬን ወጣን። ጅሬን ከ1878 እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) ጅማን የገዙት የአባ ጅፋር ዳግማዊ ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ነው። ከላይ ሆነው ሲመለከቱ ከተማው ከእግር ሥር ተዘርግቶ ይታያል፤ አየሩም ለልጆች የተመቸ ነው።

በዚያ ቀን ታናሽ ወንድማችንም ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ከአጋሮ መጥቶ ነበር። መንገዱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሩቅ የሚባል አይደለም። ነገር ግን አባታችን ወደ አኼራ ከሄዱ ወዲህ ለሁለት ዓመት ያህል በቤታችን አልተገናኘንም ነበር። በመካከላችን የገባው የአባታችን የቡና ማሳ ነው። ወንዙ ዳር ያለችውን፣ ጥሩ ፍሬ የምትሰጠውን ቁራጭ እሱም ለእኔ ትገባለች ይል ነበር፤ እኛም እንዲሁ እንል ነበር። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ አልተውንም። ግን ከአፍ የማያልፍ ሰላምታ ነበር። በዚያ ዒድ እናታችን ሁለታችንንም አስጠርተው፣ ‹‹እኔ ሳልሞት ልጆቻችሁ ይተዋወቁ›› ስላሉ ተሰባሰብን።

ስንወጣ ከከተማው ገበያ ሙሸበክ ገዝተን ነበር። ምንጣፍ አንጥፈን ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥንና ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ አደልን። ለትልልቁም ደረሰ፤ ወረቀቱ ባዶ ቀረ። የወንድማችን ልጅ አራት ዓመቱ ነው፤ የእሱን ቶሎ ጨረሰ። የእኛ ትንሿ ገና ሁለት ዓመት ተኩል ነበረች። እሷ ማሩን እየላሰች፣ ጥቂት ጥቂት እየነከሰች ትቆይ ነበር። ልጁ መጥቶ አጠገቧ ቆመና እጇን ያይ ጀመር። ቀጥሎም ‹‹ስጪኝ›› አላት። እሷም ሙሸበኳን ደረቷ ላይ ለጥፋ ‹‹ከን ኮ! የኔ!›› አለች።

‹‹አካፍይው እንጂ፤ ወንድምሽ ነው፤ ደግሞ እንግዳ ነው›› አልናት። ራሷን ነቀነቀች። ደግመን አልናት። የወንድማችን ሚስት ወደ እኛ ተመለከተች። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰዓት ያሰብነው ስለ ልጁም ስለ ልጃችንም አልነበረም። ‹‹ሚንበር ላይ ስለ ሶደቃ የሚያስተምር ሰው ልጁ ይህችን ታህል ስስታም ናት›› ይሉናል ብለን ነበር የፈራነው። ስለዚህ እጇን ፈልቅቀን ሙሸበኩን ወሰድን፤ ለሁለት ሰበርነው፤ ተለቅ ያለውን ለልጁ ሰጠነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እናንተም ትገምቱታላችሁ። ልጃችን ምንጣፉ ላይ ተንከባለለች፤ የተረፈላትንም ግማሽ ወርውራ አፈር ላይ ጣለችው። ልጁ ደግሞ ደንግጦ የተሰጠውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠና እናቱ ጀርባ ተደበቀ። አንዱንም ማንም ሳይበላው ጉንዳን ወረሰው።

እናታችን ትንሿን አንስተው ጭናቸው ላይ አድርገው ዝም ካሰኟት በኋላ ወደ እኛ ዞረው፣ ‹‹ልጄ፣ ከእሷ እጅ ነጥቀህ የሰጠኸው ሶደቃ ምንዳው የማን ነው?›› ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም።

ፍርሐታችን ከየት ይመጣል?

ውድ አድማጮቻችን፣ ብዙ ወላጅ በዚህ ጊዜ ልጁ ላይ የሚጨክነው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ‹‹በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ›› የሚለውን ተረት ሁላችንም ሰምተን ነው ያደግነው። ዛሬ ከረሜላ የከለከለ ልጅ ነገ የድሃ ሐቅ የሚከለክል ይመስለናል። ‹‹ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል›› እያልንም ለሁለት ዓመት ልጅ እንተርታለን። ልጁ ግን ከዚህ ሁሉ የሚሰማው ‹‹በእጄ ያለውን ሊወስዱብኝ ነው›› የሚለውን ብቻ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) የፈጠረውን ፍጡር ባሕርይ ያውቃል። በሱረቱል መዓሪጅ (70፡19-22) ሰው ሲፈጠር ችኩልና ጭንቀታም መሆኑን፣ መልካም ነገር ሲያገኝ የሚከለክል መሆኑን ይነግረንና ሰጋጆችን ከዚህ ለይቶ ያወጣቸዋል። ስለዚህ መንሰፍሰፍ በትንሿ ልጅ ላይ ብቻ ያለ በሽታ አይደለም፤ ከሁላችንም ጋር የተፈጠረ ነገር ነው። የሚታከመውም በኢባዳ፣ በልምምድና በጊዜ ነው። ሰላትን እንኳ ልጆቻችንን እንድናዝ የተነገረን ሰባት ዓመት ሲሞላቸው መሆኑን ከሐዲስ እናውቃለን። ሰባት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ለሰላት የማናስገድድ ሰዎች፣ ሁለት ዓመት ተኩል ለሆናት ልጅ የለጋሶችን ደረጃ በአንድ ቀን ካልደረስሽ ማለታችን ይገርማል።

የዘመናችን ተመራማሪዎችም ከዚህ የማይርቅ ነገር አግኝተዋል። ኤርንስት ፌርና ባልደረቦቻቸው በስዊዘርላንድ ልጆች ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከሦስት እስከ አራት ዓመት ያሉት አብዛኞቹ ለራሳቸው የሚያደሉ ሲሆኑ፣ ሰባትና ስምንት ዓመት የደረሱት ግን አብዛኞቹ እኩል መካፈልን መርጠዋል። በጊዜው የሚበስል ነገር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ቡና ለቃሚዎች የሆናችሁ የጎማ፣ የሊሙና የማና ወገኖቻችን ይህን ከእኛ በተሻለ ታውቁታላችሁ። አረንጓዴውን ፍሬ ጎትቶ የሚያወርድ ሰው ፍሬውንም ያበላሻል፤ ቅርንጫፉንም ይጎዳል። ሲቀላ ግን በጣት ነካ ሲያደርጉት ይመጣል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከልጅ ጋር እንዴት ነበሩ?

በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበ ሐዲስ ሰህል ኢብኑ ሰዕድ (ረ.ዐ) የሚነግሩን ታሪክ አለ። ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሚጠጣ ነገር ቀረበላቸውና ጠጡ። በቀኛቸው አንድ ልጅ፣ በግራቸው ደግሞ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ተራው በቀኝ ላለው ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ለትልልቆቹ አስቀድመው ለመስጠት ልጁን ፈቃድ ጠየቁት። ልጁም ከእርሳቸው የሚደርሰውን ድርሻ ለማንም እንደማይለቅ ተናገረ። ምን አደረጉ? አልተቆጡም፤ በሽማግሌዎቹ ፊትም አላሳፈሩትም። ዕቃውን በእጁ አኖሩለት።

ልብ በሉ! የጠየቁት የአላህ መልእክተኛ ናቸው። የሚጠብቁት የተከበሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ያም ሆኖ የልጁ ሐቅ ሐቅ ሆኖ ቆመ። እኛ ግን ለአንዲት ሙሸበክ ልጃችንን ፈቃድ ሳንጠይቅ ጣቶቿን ፈለቀቅን። ከሁሉ የሚያሳፍረን ይህን ሐዲስ ለደረሶቻችን ብዙ ጊዜ ያስተማርን መሆናችን ነው። ስናስተምር ግን ከቀኝ መጀመር ሱና መሆኑን ብቻ ነበር የምናወሳው፤ ልጁን ዘለነው እናልፍ ነበር።

ሙስሊም በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ ሰዎች የመጀመሪያውን የፍሬ እሸት ይዘው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲመጡ፣ ለመዲና በረካ ዱዓ ያደርጉና ከዚያ ትንሹን ልጅ ጠርተው ይሰጡት እንደነበር ተነግሯል። ልጁ መስጠትን የሚማረው መጀመሪያ ሲሰጠው ነው። እጁ ባዶ እንዳይቀር ያልፈራ ልጅ እጁን ለመክፈት አይቸገርም።

ይህንንም በሚመለከት በካናዳ ላራ አክኒንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት አለ። ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት የሚወዱትን ብስኩት ሰጥተው ለአሻንጉሊት እንዲያካፍሉ ዕድል ሰጧቸው። ሕፃናቱ ሲቀበሉ ካሳዩት ደስታ ይልቅ ሲሰጡ ያሳዩት በልጦ ተገኘ፤ በተለይም ከራሳቸው ድርሻ ሲሰጡ። ሱብሓነላህ! የመስጠት ደስታ በፊጥራ ውስጥ አለ ማለት ነው። ናዲያ ቼርንያክና ታማር ኩሽኒር እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ለመስጠትም ላለመስጠትም ምርጫ የነበራቸውና ወደው የሰጡ ልጆች፣ ስጡ ተብለው ከሰጡት ይልቅ በሌላ ጊዜ ብዙ ሲያካፍሉ ታይተዋል። ተገዶ የሰጠ ልጅ የሚማረው ጉልበት ያለው እንደሚወስድ ነው። እኛም ያን ቀን ልጃችንን ያስተማርናት ይህንኑ ነበር።

የእናታችን ሁለተኛ ጥያቄ

አድማጮቻችን፣ ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ቀላል በሆነ ነበር። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሲሮጡ፣ እናታችን እኛንና ወንድማችንን አጠገባቸው አስቀመጡ። ‹‹ወንድምሽ ነው፣ ተይለት አልካት። ለእህታችሁም እኔው እንዲሁ እያልኩ ነው ያሳደግኋት›› አሉ። ቀጥለውም፣ ‹‹እናንተ ለሁለት ዓመት በአንዲት ቁራጭ ስትጣሉ ሦስተኛዋን ማን ጠየቃት?›› አሉን።

እህታችን ሊሙ ገነት ትኖራለች፤ ባለትዳር ናት። አባታችን የሞቱ ሰሞን ‹‹እኔ ከወንድሞቼ ጋር አልካፈልም፤ ትቼላቸዋለሁ›› ብላ ነበር። እኛም ‹‹አላህ ይስጥሽ›› ብለን ተቀበልን። ደስ ብሎናል። በወደደችው ነው እንዳንል ግን፣ ‹‹እወስዳለሁ›› ብትል ምን ትባል እንደነበር በአካባቢያችን የማያውቅ የለም። ወንድሞቿን የከሰሰች፣ የአባቷን ቤት ያፈረሰች ትባላለች። እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ ‹‹ተይለት›› ሲባል የለመደ አንደበቷ መልሱን አልሳተም።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ኒሳእ (4፡7) ወላጆችና የቅርብ ዘመዶች ከተዉት ንብረት፣ ጥቂትም ይሁን ብዙ፣ ለሴቶችም የተወሰነ ድርሻ እንዳላቸው ደንግጓል። ሒሳቡም የተሰወረ አይደለም። ሟች ሚስት፣ ሁለት ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ ከሞተ ንብረቱ 40 እጅ ቢደረግ፣ ስምንተኛው ማለትም 5ቱ የሚስት ነው። ከቀሪው 35 ለእያንዳንዱ ወንድ 14፣ ለሴቷ 7 ይደርሳል። ይህን ሒሳብ ለሌላ ሰው ቤት ስንት ጊዜ ጽፈን ሰጥተናል! በእኛ ቤት ግን 7ቷ ዝም ተብላ በ14ቱ ላይ ተጨምራ ነበር።

የሙስሊም ሰው ገንዘብ ራሱ ወዶ ካልሰጠ በቀር ሐላል እንደማይሆን ከሐዲስ እናውቃለን። ዑለሞቻችንም ሰውን በሐያእ አስጨንቆ፣ በሰው ፊት አሳፍሮ የተወሰደ ነገር ወዶ እንደ ሰጠ አይቆጠርም ይላሉ። ከትንሿ ልጅ እጅ የነጠቅነው በጉልበት ነበር። ከእህታችን የወሰድነው ደግሞ በይሉኝታ። ሁለቱም ‹‹አካፍለን›› የሚል ስም ተሰጥቷቸው ነበር።

ዓኢሻ (ረ.ዐ) የነገሩን ታሪክም ትዝ አለን። ሙስሊም በዘገቡት በዚህ ሐዲስ አንዲት ድሃ ሴት ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ መጣች። ሦስት ቴምር ተሰጣት። ለልጆቿ አንድ አንድ ሰጥታ ሦስተኛውን ወደ አፏ ስታስጠጋ ልጆቿ ለመኗት፤ እሷም ለሁለት ከፍላ ሰጠቻቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) በዚህ ሥራዋ ጀነት እንደተገባት አበሰሩ። ይህች እናት የከፈለችው የራሷን ድርሻ ነው። የልጆቿን ወስዳ አልሰጠችም። ልግስና ማለት ከራስ ድርሻ ነው፤ በሌላ ሰው ድርሻ ለጋስ መሆን ግን ለማንም አይከብድም።

ታዲያ በቤታችን ምን እናድርግ?

ይህን ስንል ልጅ እንዳሻው ይሁን፣ ስስትን ይልመድ ማለታችን አይደለም። መስጠትን ማስተማር ግዴታችን ነው። ነገር ግን መንገድ አለው። ከዚያ ወዲህ በቤታችን የሞከርነውንና የጠቀመንን እንንገራችሁ።

አንደኛ፦ የልጁንና የሁሉንም መለየት። ወደ ሽርሽር ስንሄድ ወይም እንግዳ ሲመጣ ለሁሉም የሚበቃ፣ በቀላሉ የሚታደል ነገር እናዘጋጅ፤ ሙዝ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ተቆራርጦ የተዘጋጀ ሸንኮራ። ለማካፈል የሚከብዳትን ነገር ግን እንግዳው ከመምጣቱ በፊት ‹‹ይህን እናስቀምጠው ወይስ ትሰጫለሽ?›› ብለን እንጠይቃት። ለሁሉም በማይበቃ ነገር ልጆችን መፈተን የእኛ ጥፋት ነው።

ሁለተኛ፦ ልጁን አዳይ ማድረግ። በየቤታችን ቡና ይፈላል፤ ጎረቤት ይጠራል። የቡና ቁርሱን ሳህን ለትንሿ እናስይዛት። ቢስሚላህ ብላ ከቀኝ ጀምራ ለእያንዳንዱ ሰው ታዙር። ተቀባዩም ‹‹ጀዛኪላህ፣ አላህ ያሳድግሽ›› ይበላት። ከአቦል እስከ በረካ ሦስት ጊዜ ስትዞር ሦስት ጊዜ ትመረቃለች። የእኛዋ መጀመሪያ ላይ ለአንዱ ሰጥታ ለራሷ ሁለት ትቅም ነበር። ዝም አልናት። ዛሬ ሳህኑን ካልያዝኩ ብላ ታለቅሳለች።

ሦስተኛ፦ እኛው ማሳየት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎች አብረው ሲበሉ ባልንጀራን ሳያስፈቅዱ ሁለት ሁለት ቴምር በአንዴ ማንሳትን መከልከላቸውን ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ዘግበዋል። ማዕድ ላይ አባት ጥሩ ጥሩውን ወደ ራሱ እየጎተተ ልጁን ‹‹አትስገብገብ›› ቢለው ልጁ የሚያምነው ዓይኑን ነው።

አራተኛ፦ ቃልን መጠበቅ። ‹‹ለእሱ ስጪው፣ ሌላ እገዛልሻለሁ›› ብለን ካልገዛን ሁለት ጥፋት አጠፋን። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንዲት እናት ልጇን ‹‹ና ልስጥህ›› ብላ ስትጠራው ምን ልትሰጠው እንዳሰበች ጠየቋት፤ ቴምር መሆኑን ስትነግራቸው፣ ባትሰጠው ኖሮ ውሸት ሆኖ ይጻፍባት እንደነበር አስገነዘቧት።

አምስተኛ፦ ስም አለመለጠፍ። ‹‹ስስታም››፣ ‹‹ሆዳም›› እያሉ በሰው ፊት መጥራት ልጁን ስሙን እንዲመስል ያደርገዋል። በመጥፎ ስም መጠራራት በሱረቱል ሑጁራት (49፡11) የተከለከለው ለትልልቆች ብቻ አይደለም።

ስድስተኛ፦ ፍትሕ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለአንዱ ልጁ ብቻ ስጦታ ለሰጠው ለኑዕማን አባት ለበሺር (ረ.ዐ) ምስክር አልሆኑለትም፤ አላህን ፍራ፣ በልጆችህ መካከል ፍትሐዊ ሁን ነው ያሉት። ሁልጊዜ ሴቷን ‹‹ተይለት››፣ ሁልጊዜ ታላቁን ‹‹ልቀቅለት›› የምንል ከሆነ ለጋስ እያሳደግን አይደለም። አንዱን ተበዳይ፣ ሌላውን በዳይ አድርገን እያሳደግን ነው።

ማጠቃለያ

ያን ቀን ወደ ማታ በባጃጅ ስንመለስ ባለቤታችን ለትንሿ ሙዝ ልጣ ሰጠቻት። ማንም ምንም አላላትም። ግማሹን ከበላች በኋላ ምራቋ ያለበትን ጫፍ አጠገቧ ወደ ተቀመጠው ወደ አጎቷ ልጅ አፍ አስጠጋች። እሱም ሳይጠየፍ ነከሰላት። ሁለቱም ሳቁ። ወንድማችንና እኛ ተያየን። የሁለት ዓመት ሐሳብ በዓይናችን ተነጋገርን።

በዚያው ዓመት እሸት ቡና ከመለቀሙ በፊት ሽማግሌ ጠርተን ማሳውን እንደገና ቆጠርን። እህታችንን ጠራናት። መጀመሪያ ‹‹ተውት›› አለች። እኛም ‹‹መጀመሪያ በእጅሽ ይግባ፤ ከዚያ በኋላ ብትፈልጊ ስጪ፣ ብትፈልጊ አትስጪ›› አልናት። ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ ወሰደች። አልመለሰችልንም፤ አልሐምዱሊላህ፣ ይህም ሐቋ ነው። የወንዙ ዳር ቁራጭም ከእሷ ድርሻ ውስጥ ገባች። እኛና ወንድማችን አሁንም በአንዳንድ ነገር አንስማማም፤ ግን ቤት ለቤት እንጠያየቃለን።

ውድ ወላጆች፣ ዛሬ ማታ ልጃችሁ ‹‹የኔ ነው!›› ብሎ ሲጮህ ከመቆጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። እውነት የእሱ ነው ወይ? የእሱ ከሆነ ፈቃዱን ጠይቁት። እምቢ ካለ የእናንተን ድርሻ ቆርሳችሁ ለጎረቤቱ ልጅ ስጡ፤ ልጃችሁም እያየ ይማራል። ሁለተኛውን ጥያቄ ደግሞ ለራሳችሁ አቅርቡ፦ በእጃችን ያለው፣ እኛም የኔ ነው የምንለው፣ እውነት የእኛ ነው ወይ?

አላህ (ሱ.ወ) ከነፍስ ስስት ይጠብቀን። ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን። በጉልበትም በይሉኝታም የወሰድነውን የሰው ሐቅ በሕይወት ሳለን የምንመልስ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።